ተሻጋሪው ማን ነው?

ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ አዳራሽ ውስጥ አምስት ቀን ተቀምጫለሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ በኩል 200 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ከአስፋልቱ ወደ ግራ ታጥፎ የሚያገኘው ቡናማ ውኃ ነው ላንጋኖ። ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ሰው ሳይፈራ ይዋኝበታል። እኛ ግን የመጣነው ለዋና አልነበረም። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ጨርቅ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ» ይላል። በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከያዛቸው ዋና ዋና አጀንዳዎች አንዱ ይኸው ነበርና በዚያ ሰሞን ያልተጠራ ባለሙያ ማግኘት ይከብድ ነበር። ቅድመ ፈተና ተፈተንን፤ የአበል ፎርም ሞላን፤ በቡድን ተከፋፍለን ፍሊፕ ቻርት ላይ በማርከር ጻፍን። አዳማን፣ ቢሾፍቱንና ላንጋኖን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። የአገራችን የጤና ባለሙያ ስለ ገጠሩ ሰው የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ የገጠሩ ሰው በማይገባበት ግቢ ውስጥ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የባህል ጉዳይ ተራ ደረሰ። አሠልጣኙ ትጉህ ሰው ነበር። ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሠራ፤ በአንደኛው ብሔረሰቡ፣ በሁለተኛው እምነቱ፣ በሦስተኛው «የባለሙያው ምላሽ» ይሞላል። እኔ መስኮት አጠገብ ነበርኩ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት አህያ ላይ ጀሪካን ጭና መጣች፤ የግቢው ዘበኛ አያትና ቆመው ሰላምታ ጀመሩ። «አካም ጅርቱ? ነጋ? ፈያ? ኢጆሌን ፈያ? ሎን ነጋ?» ልጆቹም፣ ከብቱም፣ ዝናቡም በየተራ ተጠየቁ። ሠንጠረዡ እስኪሞላ ድረስ ሰላምታው አላለቀም።

ያን ቀን ያሰብኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ከሠንጠረዡ ይልቅ ሰላምታው አስተማረኝ።

ሰላምታችን ራሱ ስለ ጤና ነው። አማርኛው «ጤና ይስጥልኝ» ይላል፤ «ደኅና ነህ?» ይላል። የኦሮምኛው «ፈያ» ትርጉሙ ጤና ነው፤ ያው ቃል በጤና ቢሮው ታፔላ ላይም ተጽፏል። በሁለቱም ቋንቋ ለዚህ ጥያቄ የተፈቀደው መልስ አንድ ብቻ ነው። ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አልሐምዱሊላህ። ትኩሳቱ 39 የደረሰ ሰው እንኳ ተደግፎ ገብቶ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም። ለሰው የሚገባውን ለሰው፣ ለፈጣሪ የሚገባውን ለፈጣሪ መስጠቱ ነው። ሕመሙ የሚነገረው ይህ ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰላምታው ካልተጀመረ አያልቅም፤ ካላለቀም ሕመሙ አይወጣም። በትምህርት ቤት ግን የተማርነው የታካሚን ታሪክ መውሰድ በ«ቺፍ ኮምፕሌንት» እንዲጀመር ነው፤ በሽተኛው ገና ሳይቀመጥ «ምንህን ነው የሚያምህ?» እንላለን። ደጅ ላይ ስልሳ ሰው ተሰልፏል፤ ጊዜ የለም። በሽተኛውም ያልተጠየቀውን ይዞ፣ የተጠየቀውን መልሶ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ይወጣል።

ሠንጠረዡ ያልያዘው አንድ ብሔረሰብ አለ፤ የእኛ የጤና ባለሙያዎች ነገድ። ልብሳችን ነጭ ነው። ትምህርታችንን በእንግሊዝኛ ተምረን ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፤ በሽተኛው አልጋው ላይ ተኝቶ እየሰማን ስለ እርሱ በማይገባው ቋንቋ እንነጋገራለን። ይህንንም ራውንድ እንለዋለን። የራሳችን የተቀደሰ ሰዓት አለን፤ የራሳችን ርኩስና ንጹሕ አለን፤ ዘመድ የሚገባበትና የማይገባበት ደጅ አለን። ሴትን ልጅ በጀርባዋ አስተኝተን፣ እግሯን ሰቅለን፣ ከማታውቀው ወንድ ፊት እንድትወልድ ማድረግ ለእኛ ልማድ ሆኗልና ባህል መሆኑን ረስተነዋል። ባህል የሚባለው የሌላው ሰው ነገር ብቻ ይመስለናል። ዓሣ ውኃውን አያየውም እንደሚባለው ሳይሆን፣ እኛ ውኃውን ሳይንስ ብለን ስም ስላወጣንለት ነው ያላየነው።

እንዲህ ከሆነ ከባህል ወደ ባህል የሚሻገረው ማን ነው? ባለሙያው አይደለም። ባለሙያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ከአርሲ ደጋ ወርዶ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፎ፣ በማያውቀው ቋንቋ ተጠይቆ፣ ባልለመደው አልጋ ላይ የሚተኛው በሽተኛው ነው የሚሻገረው። ያውም ታሞ፣ ያለ ስልጠና፣ ያለ አበል።

እኔም በጊዜዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ጤና መኮንን ሆኜ ስመረቅ ዕጣ ወጣልኝና በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ወዳለች አንዲት ከተማ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛ አንድ ቃል አልነበረኝም። ዕጣው ቋንቋ አይጠይቅም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ተመላላሽ ክፍል ገብቼ ስቀመጥ በሽተኛውን የሚያስገቡልኝና የሚያስተረጉሙልኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ነበሩ፤ መወልወያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው። እርሳቸው ከሌሉ ዘበኛው ይጠራል፤ ዘበኛው ከሌለ ተራ ከሚጠብቁት መካከል አማርኛ የሚችል ጎረምሳ ይገባል። የሴት ልጅ ሕመም በጎረምሳ አፍ ሲተረጎም ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።

አንዲት ሴት በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጡ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ደረቷን ያቃጥላታል ትላለች» አሉኝ። የት ጋ ነው? እጃቸውን ከጡታቸው ዝቅ አድርገው አሳዩ። መቼ ይብሳል? ማታ። ጨጓራ ብዬ መድኃኒት ጻፍኩ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ መድኃኒቱን እየለወጥኩ ጻፍኩ። በሦስተኛው ጊዜ ሴትዮዋ ከወጡ በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያቸውን እያነሡ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «ልጇ ዐረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ስምንት ወሯ ነው» አሉ።

«እትዬ፣ ይህን ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«እርስዎ የጠየቁኝ የት እንደሚያማት ነው።»

ትክክል ነበሩ። እኔ አፋቸውን ብቻ ነበር የተዋስኩት፤ ሌላው እውቀታቸው አላስፈለገኝም። ያቺን ሴት ሠፈሯን፣ ልጇን፣ ዕዳዋን ያውቃሉ። በኦሮምኛ ደረት ተቃጠለ ሲባል ምግብ ያቃጠለውንም ነገር ያቃጠለውንም እንደሚያጠቃልል ያውቃሉ። አማርኛውስ ቢሆን «ልቤን አቃጠለኝ» ሲል ሁለቱን ይለያል እንዴ? እኔ ግን ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ስጽፈው አንዱን ትርጉም መርጬ ሌላውን ጣልኩት። ስለዚህ ስህተቱ የተፈጠረው ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሲሻገር ብቻ አይደለም፤ ከእናቴ ቋንቋ ወደ ሙያዬ ቋንቋ ስሻገርም ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆነ ባልደረባዬ ይህንኑ ስህተት ሲሠራ ደጋግሜ አይቻለሁ። የአርሲ ልጅ ሆኖ፣ የአያቱን ቋንቋ እየተናገረ፣ ለአያቱ ባዕድ ሆኖ የተመለሰ ሐኪም ብርቅ አይደለም። ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም አማርኛው የወፍ በሽታ ይለዋል፤ ኦሮምኛውም ዱኩባ ሲምቢራ፣ የወፍ ሕመም ነው የሚለው። ሁለቱ ሕዝቦች በአንዲት ወፍ ተስማምተዋል። ወፏን የማያውቃት መማሪያ መጽሐፋችን ብቻ ነው።

የውጭ አገር ሐኪሞችማ ይህን ጉዳይ ቀድመውን ያውቁታል፤ ቋንቋውን ስለማይችሉት ግድ ሆኖባቸው። ስምጥ ሸለቆው ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የሚስዮን ሕክምና አገር ነው። በሻሸመኔና በጋምቦ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማዕከሎች ነበሩ፤ ኋላ ሁሉን አቀፍ ሆስፒታሎች ሆኑ። አዲስ አበባ ላይ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ደግሞ ከመላው አፍሪካ ባለሙያ እየመጣ እንዲሠለጥንበት የታሰበ ነው። እነዚያ ፈረንጆች ስለ እኛ ከሚነግሩት ሁሉ የሚያስቀኝ የትንፋሿ ነገር ናት። ኢትዮጵያዊ «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ድንገት ወደ ውስጥ ይስባል፤ አዲስ የመጣ ሐኪም ይህን ሲሰማ በሽተኛው አየር ያጠረው መስሎት ደረቱን ሊያዳምጥ ይነሣል። የሰዓቱም አለ። በ8 ሰዓት ዋጠው ሲባል ፈረንጁ ጠዋት ማለቱ ነው፤ በሽተኛው ከምሳ በኋላ ይውጠዋል። እንዲህ ያለው ስህተት ስለሚያስቅ ቶሎ ይታረማል። የሚከፋው የማያስቀው ነው።

ከማያስቁት አንዱን ልንገራችሁ። ከደጋ የመጣ ባለሙያ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች መጀመሪያ የሚያየው ጥርስ ነው። ወጣቱ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ጥርሱ ቡናማ፣ የተቦረቦረ ነው። እኔም እንደ ብዙዎቹ ጫት ነው፣ ንጽሕና ማጣት ነው፣ የአካባቢው ልማድ ነው ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ያልበለጠ ፍሎራይድ ይፈቅዳል፤ በሸለቆው የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ከዚያ እጅግ ያልፋል። በወንጂ የስኳር እርሻ ለዓመታት የጉድጓድ ውኃ የጠጡ ሠራተኞች ከጥርስ አልፎ አጥንታቸው ታሞ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ደርሰዋል፤ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይህን በስፋት አጥንተው ጽፈዋል። እንግዲህ ያን ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ለእኔ ቢሰጡኝ ኖሮ ቡናማ ጥርስን «እምነትና ልማድ» ከሚለው ሥር እጽፈው ነበር። ስለ ባህል መማር የሚያመጣው አንዱ አደጋ ይህ ነው፤ የድንጋዩንና የመንግሥትን የውኃ ቧንቧ ጥፋት ወስዶ በሕዝቡ ባህል ላይ ማላከክ።

ሌላው አደጋ እውቀቱ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ቴርቫሎንና መሬይ-ጋርሲያ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የጻፉት ጽሑፍ ላይ አንድ ታሪክ አለ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ሴት አልጋዋ ላይ ታቃስታለች። የዚያው ወገን የሆነ ሐኪም ሴትየዋን በጣም የሚያማት እንደሚመስል ለነርሷ ይነግራታል። ነርሷ የባህል ትምህርት ወስጃለሁ፣ እነዚህ ሕዝቦች ሕመምን ያጋንናሉ ተብሎ ተምሬያለሁ ብላ አታምነውም። ፊቷ ቆሞ የሚነግራትን የሴትየዋን ወገን ትታ የማስታወሻ ደብተሯን አመነች። ጸሐፊዎቹ ከዚያ ተነሥተው ባለሙያ ሊኖረው የሚገባው የባህል ብቃት ሳይሆን የባህል ትሕትና ነው አሉ። የእኛም ዋርዶች የዚህ ተገላቢጦሽ አላቸው፤ «የገጠር ሰው ሕመም ይችላል» የሚባለው። የምትጮኸዋን በጩኸቷ እንቆጣታለን፤ ዝም የምትለዋን ዝም ስላለች እንተዋታለን።

ወደ ላንጋኖው አዳራሽ ልመለስ። ጨርቁ ላይ «አክባሪ» የሚለው ቃል በተለይ ስለ ወላጅ እናቶች ነበር የተጻፈው፤ በምጥ ላይ ያለችን ሴት መስደብና በጥፊ መምታት በየጤና ተቋሙ የሚሰማ አቤቱታ ነበርና። በቡድን ሥራው ላይ ለዚህ መፍትሔ ስናፈላልግ ዋልን። ስብሰባው የሚካሄደው ግን በአርሲ ምድር ላይ ነው። በአርሲ ኦሮሞ የወለደች ሴት ቀነፋ የሚባል ነገር ግንባሯ ላይ ታስራለች። ቀነፋ ያሰረችን ሴት ባሏ እንኳ አይመታትም፤ ክፉ ቃል አይናገራትም፤ ስታልፍ መንገድ ይለቀቅላታል። ይህን የጣሰ ሰው ቢገኝ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን፣ ሲዳሩ የተሰጣቸውን ያን ቀጭን በትር፣ ይዘው ተሰብስበው ይወጣሉ፤ ሳይካስና ይቅርታ ሳይጠይቅ አይመለሱም። ወላጅን ማክበር እንደ ሕግ የተደነገገበት፣ አስፈጻሚም ያለው ሥርዓት ማለት ነው። እኛ ስለ አክብሮት ልንማር መጥተን በዚያ ሕግ አገር መካከል ለአምስት ቀን ስንቀመጥ የቀነፋ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። በሠንጠረዡ የአርሲ ረድፍ ላይ የተጻፈው «በቤት መውለድን ይመርጣሉ» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ይመርጡ ነበር። ማን ነው ከሚከበርበት ቤት ወጥቶ ወደሚሰደብበት የሚሄደው?

አንድ ባልደረባዬ ለክትባት የመጣችን አራስ «ይህን ነገር ከግንባርሽ አውልቂው፣ ንጹሕ አይደለም» ሲላት ሰምቻለሁ። አላወለቀችውም። ለሁለተኛው ክትባትም አልመጣችም። ካርዷ ላይ «ያቋረጠች» ተብሎ ተጻፈ።

ሕዝቡ አይለወጥም የሚል ካለ ቁጥሩን ይመልከት። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1997 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወለደው ከመቶ 5 ብቻ ነበር። በ2003 ዓ.ም. 10 ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፤ በ2011 ዓ.ም. 48። ይህን ለውጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ያመጡት ነው፤ አምቡላንሱም መንገዱም አለበት። ግን ተቋሙም ጥቂት እርምጃ ወደ እናቲቱ ተራምዷል። የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ፤ አማት ወይም እናት አብራ እንድትገባ የሚፈቅድ ተቋም እየበዛ መጣ፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አራሷ ገንፎዋን፣ በእነዚህ አካባቢዎች አጠራር ማርቃዋን፣ እዚያው እንድትበላ ሆነ፤ ቡና ተፈላ። ገንፎው መድኃኒት አይደለም። ተቋሙ አንድ ጊዜ ራሱ ተሻግሮ መምጣቱን የሚያሳይ ነው። እንደ እኔ ግምት ከሁሉም ስልጠናዎቻችን ይልቅ ያ ምንቸት ሠርቷል።

ወደ ሕዝቡ የመሻገር ልምድ በአገራችን አዲስ አይደለም። የጤና መኮንን የሚባለው ሙያዬ የተወለደው ጎንደር በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ በአቅራቢያው ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ጨርሶ ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ቡድን አድርጎ ጤና ጣቢያ ላይ እያኖረ ያሠለጥን ነበር። ጅማ በ1975 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲከፈት ትምህርቱ በማኅበረሰብ ውስጥ ሆነ፤ ተማሪው በየዓመቱ መጠይቅ ይዞ መንደር ይገባል። ጥሩ ነው። የቀረው አንድ ችግር ቢኖር መጠይቁ ነው። መጠይቅ የያዘ ሰው የሚጠይቀውን አስቀድሞ ያውቃል፤ መንደሩ የሚመረመር እንጂ የሚያስተምር አይሆንም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ግን አንድ ብልህ ነገር አደረገ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ የቀበሌው ነዋሪ የሆነች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር ሴት ተመርጣ አንድ ዓመት ሠልጥና ወደዚያው ቀበሌ ትመለስ ነበር፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት። ከ30,000 በላይ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅም ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ ከገጠር መልምሎ፣ አሠልጥኖ፣ ወደመጡበት አካባቢ ይመልሳል። እዚህ ላይ ከባህል ወደ ባህል መሻገር በስልጠና የሚሰጥ ሳይሆን በምርጫ የሚገኝ ሆነ። ባለሙያ ወስዶ ባህል ከማስተማር ባህሉን የምታውቀውን ወስዶ ሙያ ማስተማር ይቀላል። ችግሩ ሪፈር ሲጻፍ ይመጣል። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ አዳማ ወይም ወደ ሻሸመኔ ሆስፒታል በሽተኛዋ ከፍ ባለች ቁጥር ቋንቋዋ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ሕመሟ በጠናበት ቀን ነው ብቻዋን የምትሆነው።

ስለዚህ ባለሙያውን ማሠልጠኑ አይቀርም። ምን ይማር? አርተር ክላይንማን የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1978 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ሐኪሙ በሽተኛውን ስለ ሕመሙ መነሻ፣ ለምን በዚያን ጊዜ እንደጀመረና ምን እንደሚያስፈራው እንዲጠይቅ መክሯል። ዓለም ሁሉ ተቀብሎታል፤ የላንጋኖው ሞጁላችንም ላይ ነበር። እኔ ሞክሬዋለሁ። አንድ ሽማግሌ «ሕመሙን ምን ያመጣው ይመስልዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው በአስተርጓሚዬ በኩል «እርሱ ካላወቀው እኔ በምን አውቀዋለሁ? ለዚህ አይደል የመጣሁት?» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብለውም አላዩኝ። እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ዐዋቂ የሚባለው ሳይጠይቅ የሚያውቅ ነው። ጥያቄዬ ለእርሳቸው ትሕትና ሳይሆን አለማወቅ ሆነባቸው። አሜሪካዊ በሽተኛ «አንተ ምን ታስባለህ» ሲባል ይከበራል፤ የእኛ ሽማግሌ ይደነግጣል።

መላውን ያገኙልኝ እኚያው የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። እርሳቸው «ምን ይመስልሃል» አይሉም። «ሰው ምን አለህ?» ነው የሚሉት። ጎረቤት ምን አለ? አማትሽ ምን አለች? ሼኹ ምን አሉ? እዚህ ላይ በሽተኛው ይፈታል። ምች ነው ያለ አለ፤ ቡዳ ነው ያለ አለ፤ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ፤ ፍል ውኃ ወስደው ነከሩኝ፤ ሚጥሚጣ ተውኩ። የራሱ አስተያየትም በሌሎቹ ስም ተሸፍኖ ይወጣል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የተለወጠው። ይህን ጥያቄ በየትኛውም ሞጁል ላይ አላየሁትም፤ ከዩኒቨርሲቲም አልመጣም።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን በዚህ በኩል ብዙ ከፍለዋል። ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በስውር ይጣል እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1996 ጋዜጣ ሲያወጣው አደባባይ ወጥተዋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ በዚያው አገር ለኢትዮጵያውያን ጤና የሚሠራ አንድ ድርጅት ተቋቋመ፤ ስሙ «ጤና ብሪዩት» ነው። የመጀመሪያው ቃል የእኛው ነው፤ ሁለተኛው በዕብራይስጥ ጤና ማለት ነው። በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል ቆመው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ነገሩን የሚያስረዱ ኢትዮጵያውያን አገናኞች እዚያ ሥራቸው ሥራ ተብሎ ስም አለው። በአሜሪካዋ ሲያትል ባለ አንድ ሆስፒታልም አማርኛና ኦሮምኛ የሚያውቁ እንዲህ ያሉ አስተርጓሚዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አሉ። አንድ የአርሲ ሴት ሲያትል ላይ በኦሮምኛ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ኖሯት እዚህ አገሯ ላይ በመወልወያ ያዥ ትሕትና መታከሟ ያሳዝነኛል፤ ያሳፍረኛልም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባለሙያው ብቻውን የማይሻገረው ወንዝም አለ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ማርያም ጠበል ያሉ ብዙ ሕሙማን እምነት መጉደል መስሏቸው መድኃኒቱን ትተው ነበር። ነርስ ቢመክራቸው አልሰሙም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ሲናገሩ ነው ነገሩ የቀለለው። በላንጋኖ ዙሪያም ረመዳን ሲገባ የስኳር ሕመምተኛ የኢንሱሊን ሰዓቱን ለማስተካከል ከእኔ ይልቅ ሼኹን ይሰማል። ሼኹን አስቀድሞ ማማከር የእኔ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሥራ ዝርዝሬ ላይ የለም።

ስልጠናው ዓርብ አለቀ። የድኅረ ፈተናውን ከሃያ አሥራ ዘጠኝ አመጣሁ። ሰርተፍኬት ተቀበልን፤ ፎቶ ተነሣን፤ ጥቂቶቻችን ዋኘን። ሰኞ ሥራ ስገባ የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ነበሩ። አስተርጓሚነታቸው በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ለስልጠናም ተጠርተው አያውቁም። የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ከሚቀጥለው የላንጋኖ ስልጠና የአምስት ሰው አበል ቀንሳችሁ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የሥራ መደብ ክፈቱ፤ አስተምሯቸው፤ ከዚያ እነርሱ እኛን ያስተምሩናል።

የመጀመሪያዋ በሽተኛ ገባች። ካርዷን ዘረጋሁ። የስም፣ የአባት ስም፣ የዕድሜ፣ የጾታ፣ የወረዳና የቀበሌ ቦታ አለው። የምትናገረው ቋንቋ የሚሞላበት መስመር የለውም።